ለእናት ለአባታችሁ ምትክ ጨው ከመግዛታችሁ በፊት

የደም ግፊት ያለበትን ሽማግሌ "ጨው ቀንስ" ማለት ቀላል ነው፤ መብላቱ ነው የሚከብደው። ዕድሜ ሲገፋ ምላስ ጣዕም መለየቱ ይደክማል። ስለዚህ እናት አባቶቻችን ጨው የሚጨምሩት ምክር አልሰማ ብለው ሳይሆን ምግቡ እውነትም አልጫ እየሆነባቸው ነው፤ እባካችሁ አትቆጧቸው።

ምትክ ጨው የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው። ተራው ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። በምትክ ጨው ግን ከሶዲየሙ ተቀንሶ ፖታሲየም ክሎራይድ ይገባበታል። ሶዲየም ሲበዛ ሰውነት ውኃ ይይዛል፣ ግፊትም ይጨምራል፤ ፖታሲየም ደግሞ ኩላሊት ሶዲየሙን በሽንት እንዲያስወጣ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት በቻይና 600 መንደሮች ወደ 21 ሺህ ሰዎችን ለአምስት ዓመት ገደማ ተከታትሎ ነበር፤ ሁሉም ወይ ስትሮክ የመታቸው ወይ 60 ዓመት የሞላቸውና ግፊት ያለባቸው ናቸው። ሩብ ያህሉ ፖታሲየም ክሎራይድ የሆነ ጨው የተጠቀሙት ላይ ስትሮክ በ14 በመቶ ቀነሰ። ጨው በመቀየር ብቻ!

ግን ሮጣችሁ አትግዙ። መጀመሪያ ኩላሊት ይታይ። የደከመ ኩላሊት ፖታሲየም ማስወጣት ያቅተዋል፣ ደም ውስጥ ሲጠራቀም ደግሞ የልብ ምት ያዛባል፣ ሊገድልም ይችላል፤ ክፋቱ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ነው የሚጨምረው። ብዙ አዛውንት ደግሞ ኩላሊታቸው መድከሙን አያውቁም። ስለዚህ የክሪያቲኒን (የኩላሊትን አሠራር የሚያሳይ) እና የፖታሲየም የደም ምርመራ ይደረግላቸው። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶችም በሙሉ ሰብስባችሁ ለሐኪሙ አሳዩት፤ ኢናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪል፣ ሎሳርታንና ስፓይሮኖላክቶን ሁሉም ፖታሲየም ሰውነት ውስጥ እንዲቀር ያደርጋሉ። ይሄን ደረጃ መዝለል የለም።

ሐኪሙ ከፈቀደ ማሸጊያውን አንብቡ። "ፖታሲየም ክሎራይድ" የሚል ከሌለው ምትክ ጨው አይደለም። የባሕር ጨውም ሆነ ሮዝ ጨው ያው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፣ በስሙ አትታለሉ። አዮዲን እንዳለውም እዩ። ፖታሲየሙ የበዛበት መረር ስለሚል ሩብ ያህሉ ፖታሲየም ክሎራይድ በሆነው መጀመር ይሻላል። ከዚያ የድሮውን ጨው ከኩሽና አውጡት፣ ጎን ለጎን ከተቀመጡ እጅ ወደለመደው ነው የሚሄደው። ምትክ ነው ብሎ አብዝቶ መነስነስም አይሠራም፤ አሁንም ሶዲየም አለበት። በታሸገ ምግብና በዳቦ የሚገባውን ጨው ደግሞ ይሄ አይነካውም፣ እሱን ለብቻው መቀነስ ነው።

ጨው ከመቀየራችሁ በፊት አንድ ሳምንት፣ ከቀየራችሁም በኋላ ግፊታቸውን ለክታችሁ መዝግቡ። አምስት ደቂቃ ዐርፈው፣ ጀርባቸውን ደገፍ አድርገው፣ ክንዳቸው በልብ ትክክል ሆኖ፣ በደቂቃ ልዩነት ሁለቴ። ቁጥሩ ቢወርድም መድኃኒት በራሳችሁ አታስቁሙ። ሲነሱ የሚያዞራቸው ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ጡንቻቸው ከዛለ ወይም የልብ ምታቸው ከተዛባ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ውሰዷቸው።