ባል ለግዳጅ ከመውጣቱ በፊት ውልና ማስረጃ ጎራ በሉ

የወታደር ሚስቶች፣ አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። ባላችሁ ግዳጅ ላይ ሆኖ ስልክ እንኳ ላይሠራ ይችላል። ያኔ «ውክልና ላክልኝ» ማለት ዘበት ነው። ፈቃድ መጥቶ ሳለ አብራችሁ ውልና ማስረጃ ሂዱ። መታወቂያ አትርሱ፤ የጋብቻ ሰርተፍኬቱም ቢያዝ አይከፋም።

ዋናው ጉዳይ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ነው። «ጠቅላላ ውክልና አለኝ» ብላችሁ አትዘናጉ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2205 መሠረት ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና፣ ማለትም ድርጊቱ በስም ተጠቅሶ የተሰጠ ውክልና፣ ያስፈልጋል። (ለመሸጥ ባታስቡም ብድር የሚባል ነገር አለ።) የባንክ ሂሳብ ማንቀሳቀስም በግልጽ ይጻፍ፤ ባንኮች በዚህ ቀልድ አያውቁም። እንዲያውም ደመወዙ የሚገባበትን ባንክ ምን ተብሎ እንዲጻፍ እንደሚፈልግ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዋናውን ወረቀት ቤት ውስጥ አስቀምጣችሁ ኮፒውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።