የቢሮ ፋይል ሼሪንግ አንዴ ሲሰራ አንዴ እምቢ ሲል፦ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት እነዚህን ሞክሩ

ደብረ ብርሃን ላይ ያሉ ትንንሽ ቢሮዎችን ገባ ብላችሁ ብታዩ ኔትወርካቸው ይመሳሰላል። ሒሳብ ክፍሉ ዊንዶውስ ይጠቀማል። ዲዛይን የምትሰራው ልጅ ማክ አላት። መሐንዲሱ ኡቡንቱ ጭኗል። ጥግ ላይ ደግሞ ስካን የሚያደርግ አሮጌ ፎቶኮፒ ማሽን አለ። ሁሉም አንድ ኮምፒውተር ላይ ያለ ፎልደር ይጋራሉ፤ ጠዋት ይከፈታል፣ ከምሳ በኋላ እምቢ ይላል፣ በማግስቱ ደግሞ ማንም ሳይነካው ይሰራል።

ይሄ ሲደጋገም መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ «ፎርማት ይደረግ» ነው። ቀጥሎ «ቫይረስ ነው» ይባላል። ከዚያ ሰው ተስፋ ቆርጦ ፍላሽ ማዞር ይጀምራል፣ የአንድ ደብዳቤ አራት ቅጂ አራት ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥና የመጨረሻው የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ይጠፋል። ፎርማት እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ አድራሻ መቀየር፣ የመብራት መቆራረጥ፣ ያረጀ ፓስወርድ ወይም የፋይል ስም ነው። አንዱም ፎርማት አያስፈልገውም። ከታች ያለውን በቅደም ተከተል ሂዱበት፤ ፎልደሩ ያለበትን ኮምፒውተር «ዋናው» እያልኩ እጠራዋለሁ።

1. መጀመሪያ ማን ላይ እንደጠፋ ለዩ

ሴቲንግ ከመንካታችሁ በፊት ዞር ዞር ብላችሁ ጠይቁ። ሁሉም ሰው ላይ አንድ ላይ ከጠፋ ችግሩ ዋናው ላይ፣ ስዊቹ (የሁሉም ኬብል የሚሰካበት ሳጥን) ላይ ወይም ራውተሩ ላይ ነው። አንድ ሰው ላይ ብቻ ከሆነ የእሱን ኬብል፣ ዋይፋይና ፓስወርድ እዩ። ማክ ላይ ብቻ ወይም አዲስ ዊንዶውስ ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ብዙ ጊዜ የፈቃድ ጉዳይ ነው። ሰዓቱንም ጻፉ። «መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ነው» የሚል መልስ ካገኛችሁ ግማሹን መንገድ ጨርሳችኋል።

2. በስም ሳይሆን በቁጥር ሞክሩ

ዋናው ኮምፒውተር ላይ የዊንዶውስ ቁልፍና አር ተጫኑ፣ ሲኤምዲ (cmd) ክፈቱ፣ አይፒኮንፊግ (ipconfig) ብላችሁ ጻፉ። አይፒቪ4 (IPv4) ከሚለው ፊት ያለውን ቁጥር ያዙ። 192.168.1.10 ነው እንበል። አሁን ችግር ያለበት ኮምፒውተር ላይ የፎልደር መስኮት ክፈቱና ላይኛው የአድራሻ ቦታ ላይ \\192.168.1.10 ብላችሁ አስገቡ። ማክ ላይ ፋይንደር ውስጥ ሆናችሁ ኮማንድና ኬ ተጫኑ፤ ኡቡንቱ ላይ ደግሞ ፋይል መክፈቻው ውስጥ ሌሎች ቦታዎች (አዲሶቹ ላይ ኔትወርክ) የሚለው ስር ግቡ። ሁለቱም ላይ smb://192.168.1.10 ብላችሁ ጻፉ፤ ኤስኤምቢ (smb) ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ፋይል የሚጋሩበት ቋንቋ ነው።

በቁጥር ከተከፈተ ሼሪንጉ ደህና ነው ማለት ነው፤ የተበላሸው ስም መፈለጊያው ነው። ዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን የሚያገኝበት መንገድ አንድ ነው፣ ማክ ደግሞ ቦንዡር በሚባል በሌላ መንገድ ያገኛል። ስለዚህ ኔትወርክ የሚለው ዝርዝር ባዶ ሆኖ ፎልደሩ ግን በትክክል ሊሰራ ይችላል። በዝርዝሩ አትደንግጡ።

በቁጥርም ካልተከፈተ የሁለቱን ኮምፒውተሮች ቁጥር አስተያዩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች አንድ መሆን አለባቸው። አንዱ 192.168.1 ሌላው 192.168.8 ከሆነ ሁለት የተለያየ ኔትወርክ ላይ ናቸው። ይሄ እኛ ጋ በጣም የተለመደ ነው። መጀመሪያ የመጣው ራውተር አለ፤ ከዚያ ዋይፋዩ አልደርስ ሲል ወይም ኢንተርኔቱ ሲደክም ሁለተኛ ራውተር ይገዛል፣ ወይም ሲም የሚወስድ ይጨመራል፤ ግማሹ ሰው በዚህ ግማሹ በዚያ ይገባል። ስልክ ላይ ዋይፋይ ሲቀያየር ምንም አይታወቅም፣ ፋይል ሼሪንግ ግን ወዲያው ይቆረጣል። መፍትሔው ሁለተኛውን ራውተር አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም የመጀመሪያውን ኔትወርክ በዋይፋይ የሚያደርስ ብቻ ማድረግ ነው። አድራሻ የማደል ስራውን፣ ማለትም ዲኤችሲፒውን አጥፉ፤ ከመጀመሪያው ጋር የማይጋጭ የራሱ ቁጥር ስጡት፤ ከመጀመሪያው የመጣውን ኬብል ኢንተርኔት መቀበያው ላይ ሳይሆን ከሌሎቹ ቀዳዳዎች አንዱ ላይ ሰኩ። የእንግዳ ዋይፋይ ላይ የገባ ሰውም ፎልደሩን አያይም፤ የእንግዳ ዋይፋይ የተሰራው ለዚያ ነውና።

ቁጥሩ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ያ ኮምፒውተር ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም። ኬብሉን እዩ።

ኬብልን ለመፈተን ፒንግ ተጠቀሙ። ሲኤምዲ ውስጥ ፒንግ (ping) ብላችሁ የዋናውን ቁጥር ከጻፋችሁ በኋላ ክፍተት ትታችሁ -t ጨምሩ፤ ሳያቋርጥ ይልካል። ለ10 ደቂቃ ተዉት። መልስ እየመጣ አልፎ አልፎ ከተቆረጠ ሴቲንግ መነካካቱን አቁማችሁ ኬብሉን፣ ጫፉን ወይም የስዊቹን ቀዳዳ ቀይሩ። በር የሚጫነው ኬብል፣ የጠረጴዛ እግር የቆመበት ኬብል፣ መንጠቆው የተሰበረ ጫፍ፤ እነዚህ ናቸው ጥፋተኞቹ። ሸዋ ሮቢትን በመሰለ ቆላ ደግሞ ስዊቹን የተዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ አትቆልፉበት፤ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚመጣ መቆራረጥ ከሙቀት ሊሆን ይችላል።

3. የዋናውን አድራሻ አስሩት

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ ተነስቶ አድራሻ እንደገና ያድላል። ትናንት 10 የነበረው ዛሬ 14 ሊሆን ይችላል። ሰዎች ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠው አቋራጭ ግን አሁንም 10ን ይፈልጋል። ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ ለዋናው ኮምፒውተር አድራሻ ሪዘርቭ አድርጉ፤ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ያንኑ ይሰጠዋል። ራውተሩ ይሄን የማይፈቅድ ከሆነ ዋናው ላይ በእጅ ጻፉለት፣ ግን ራውተሩ ከሚያድላቸው ቁጥሮች ውጭ ይሁን፤ አለበለዚያ አንድ ቀን የአንዱ ስልክ ያንኑ ቁጥር ይወስድና ሁለቱም ይጋጫሉ። ቁጥሩ ከታሰረ በኋላ የሁሉንም ሰው አቋራጭ በዚህ ቁጥር ስሩላቸው።

4. መብራትና እንቅልፍ

ይሄን አጥብቄ ነው የምለው፣ ምክንያቱም ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት እንኳ የሚዘነጋ ነገር ነው። ቢሮው ለኮምፒውተሮቹ ዩፒኤስ ይገዛል። ስዊቹና ራውተሩ ግን ግድግዳው ላይ በቀጥታ ተሰክተዋል። መብራት ብልጭ ሲል ኮምፒውተሮቹ አይጠፉም፣ ስዊቹ ግን ጠፍቶ ይነሳል። ሰው ፊት ምንም የጠፋ ነገር የለም፣ ክፍት የነበረው ፋይል ግን ተቆርጧል። ስዊችና ራውተር የሚፈጁት ኃይል ትንሽ ነው፤ ከዋናው ኮምፒውተር ጋር እዚያው ዩፒኤስ ላይ ሰኳቸው።

ፒችትሪ የምትጠቀሙ ሒሳብ ክፍሎች ደግሞ በተለይ ስሙኝ። ዳታው ዋናው ላይ ሆኖ እናንተ በኔትወርክ ስትሰሩበት መሃል ላይ ከተቆረጠ ዳታው ራሱ ሊበላሽ ይችላል። ፒችትሪን በዋይፋይ አትስሩ። ኬብል ሳቡ።

ዋናው ኮምፒውተር እንዳይተኛ ስሊፕ የሚለውን ኔቨር አድርጉት። ዴቫይስ ማኔጀር ውስጥ የኔትወርክ ካርዱን ክፈቱና ፓወር ማኔጅመንት ስር ኃይል ለመቆጠብ ይጥፋ የሚለውን ምልክት አንሱ። «ከምሳ ስንመለስ ነው የሚጠፋው» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። ዋናው ማክ ከሆነም እንቅልፉን ከኢነርጂ ሴቲንጉ አጥፉ። አሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነ ሰዓቱን እዩ፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ክብ ባትሪ ካለቀ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሰዓቱ በጣም የተዛባ ኮምፒውተር ደግሞ ፓስወርዱ ትክክል ሆኖም ላለመግባት ምክንያት ሊሆን ይችላል። ባትሪው ርካሽ ነው፣ ቀይሩት።

5. ፓስወርድና ፈቃድ

በቁጥር ስትሞክሩ ዋናው ተገኝቶ ፓስወርድ የሚጠይቅና የሚመልሳችሁ ከሆነ ጉዳዩ እዚህ ነው።

ኮምፒውተሩን የምትከፍቱበት ፒን በኔትወርክ አይሰራም። ዋናው በኢሜይል አካውንት የሚገባ ከሆነ ነገሩ ይወሳሰባል። ስለዚህ ዋናው ላይ ለሼሪንግ ብቻ የሚሆን ሎካል አካውንት (ኢሜይል የማይፈልግ፣ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ያለ) ክፈቱ፤ ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ አጭርና ክፍተት የሌለው ይሁን፣ ፓስወርድ ይኑረው። ያለ ፓስወርድ በእንግድነት መግባት ይቅር። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማይክሮሶፍት ይሄን መንገድ እየዘጋው ነው፤ በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 ዝማኔ ደግሞ ፕሮ የሚባለው ዓይነት ላይም ዘግቶታል። «ዝማኔ ወስዶ ካደረ በኋላ እምቢ አለ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

ፓስወርድ ከተቀየረ አሮጌው በየኮምፒውተሩ ተቀምጦ ይቀራል። ዊንዶውስ ላይ ክሬደንሻል ማኔጀር፣ ማክ ላይ ኪቼይን ውስጥ ገብታችሁ የዋናውን አጥፉትና እንደገና ግቡ። ዋናው ላይ የኔትወርኩ ዓይነት ፐብሊክ ከሆነ ፕራይቬት አድርጉት። ፋየርዎሉን ግን አታጥፉ፤ ፋይልና ፕሪንተር ሼሪንግ የሚለውን መፍቀድ ይበቃል። ዊንዶውስ ላይ ፈቃድ ሁለት ቦታ እንደሚሰጥም አትርሱ፦ ሼሪንግ የሚለው ስርና ሴኩሪቲ የሚለው ስር። በሁለቱ መካከል ጠበቅ ያለው ነው የሚሰራው። ዋናው ማክ ከሆነ ፋይል ሼሪንግ ስር ኦፕሽንስ ውስጥ ለዊንዶውስ ተጠቃሚዎች የሚለው ላይ አካውንቱን ምልክት አድርጉ።

6. የፋይል ስም

ፎልደሩ ይከፈታል፣ አንዳንድ ፋይል ብቻ አይከፈትም? ስሙን እዩ። ዊንዶውስ \ / : * ? " < > | የሚሉትን በስም ውስጥ አይቀበልም። እኛ ደግሞ ስናሳጥር ጭረት (/) እንወዳለን። ማክ ላይ «የጽ/ቤቱ ደብዳቤ» ወይም «የ2016/17 በጀት» ብሎ ፋይል መሰየም ይቻላል፣ ማክም ዝም ብሎ ይቀበላል፤ ያ ፋይል ዊንዶውስ ላይ ሲደርስ በጭረቷ ቦታ የማይነበብ ምልክት ይመጣል ወይም ጨርሶ አይከፈትም። ሌላው ደግሞ ነጥብ ነው። «ሪፖርት 2017 ዓ.ም.» የሚል ፎልደር መጨረሻው ነጥብ ስለሆነ ዊንዶውስ ይቸገርበታል። «2017 ዓም» በሉት፣ «ጽሕፈት ቤት» ብላችሁ ጻፉት፣ ይበቃል። በአማርኛ መሰየሙ ራሱ ምንም ችግር የለውም፣ አትተዉት።

ርዝመትም አለ። ኡቡንቱ ላይ አንድ ስም ከ255 ባይት አይበልጥም፣ የግዕዝ ፊደል ደግሞ አንዱ 3 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ 85 ፊደል ላይ ይቆማል። የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ርዕስ ሙሉውን የፋይል ስም ማድረግ የሚወድ ሰው ካለ ንገሩት።

7. አሮጌው ፎቶኮፒ

ስካን አድርጎ ፎልደር ውስጥ መጣል ያቆመ አሮጌ ማሽን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው የመጀመሪያውን፣ አዲስ ዊንዶውስ አጥፍቶት የሚመጣውን አሮጌ ኤስኤምቢ ብቻ ነው። መልሳችሁ አብሩት የሚል ምክር ትሰማላችሁ። አታብሩት። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ጎጂ ፕሮግራም) የተሰራጨው በዚያ ቀዳዳ ነው። የማሽኑን ሶፍትዌር ማደስ ከተቻለ አድሱ፤ ካልተቻለ ወደ ኢሜይል ወይም ወደ ፍላሽ ስካን ያድርግ።

8. ሁሉም ተስተካክሎ አሁንም ሲጨናነቅ

ኤክሴል ፋይሉ በሌላ ሰው ተይዟል ካለና ማንም ካልከፈተው ዋናው ላይ ኮምፒውተር ማኔጅመንት ውስጥ ሼርድ ፎልደርስ፣ ከዚያ ኦፕን ፋይልስ ግቡና ዝጉት። መጀመሪያ ግን ክፍት ያደረገ ሰው እንደሌለ ጮክ ብላችሁ ጠይቁ፤ የሰው ስራ እንዳይጠፋ። ተራ ዊንዶውስ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከ20 በላይ ኮኔክሽን አይቀበልም። ቢሮው ካደገ፣ ወይም ዋናው የጸሐፊዋ ኮምፒውተር ሆኖ እሷ ስታጠፋው ሁሉም የሚቆም ከሆነ፣ ለፋይል ብቻ የሚሆን ማሽን ለዩ። ደህና ሃርድ ዲስክ የገባበት አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ኡቡንቱና ሳምባ (ኡቡንቱ ለዊንዶውስና ለማክ ፋይል የሚያጋራበት ፕሮግራም) ቢጫን ይበቃል። ባክአፑን በውጭ ሃርድ ዲስክ ያዙ፣ ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ግን ንቀሉት፤ ተሰክቶ ከዋለ ራንሰምዌር ሲገባ እሱንም አብሮ ይቆልፈዋል።