የአሮጌ ባለ ሦስት እግር ሆንዳ የኋላ አክስል ሲበላ

"ሞተሩ አንደኛ ነው። የኋላ ጎማው ግን ትንሽ ይወዛወዛል" አለኝ ገበሬው።

ትንሽ! ማሽኗን ፒካፕ ላይ ስንጭናት የግራው ጎማ እንደ ሕፃን ልጅ ጥርስ ይነቃነቃል። ግን የ1984 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ሆንዳ ኤቲሲ 200ኤስ፣ ሜዳ ላይ የምትነዳ ባለ ሦስት እግር ማሽን፣ በ350 ዶላር ነው የሚሸጥልኝ። ዝም ብዬ ከፈልኩ። ኮሎራዶ ውስጥ ከሊመን እስከ አውሮራ ድረስ መስታወት እያየሁ፣ ጎማው መንገድ ላይ እንዳይቀር እየጸለይኩ ነዳሁ።

እኔ መካኒክነት የጀመርኩት አዳማ ነው፣ በ16 ዓመቴ፣ ዕቃ አጣቢ ሆኜ። አሁን ኮሎራዶ ውስጥ የጭነት መኪና ነው የምሠራው። እነዚህ ባለ ሦስት እግር ማሽኖች ግን ሱስ ሆነውብኛል። ስለዚህ የማወራው በጋራዥ አማርኛችን ነው፦ ኩሽኔታ (አክስሉ የሚዞርበት ቤሪንግ)፣ ዳዶ (ነት)፣ ፓራኦሊዮ (ቅባት እንዳይወጣ፣ ቆሻሻ እንዳይገባ የሚከለክል የጎማ ቀለበት)፣ ኮፒልያ (ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ የሚታጠፍ የሽቦ ፒን)። ሌላ ቋንቋ ብረት ላይ አይመጣልኝም።

ባጃጅ የለመደ ሰው መጀመሪያ አንድ ነገር ይያዝልኝ። ባጃጅ ዲፈረንሲያል አላት። የኋላ ጎማዎቿ ለየብቻቸው ይዞራሉ። ይቺ ግን የላትም። አክስሏ ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ አንድ ወጥ ብረት ነው፣ መሃሉ ላይ ካቴና (ሰንሰለት) ይጎትተዋል። ከኋላ ሞላም የላትም፤ ሞላዋ ያ እንደ ፊኛ የተነፋው ጎማ ነው። ድንጋይ ላይ በወጣች ቁጥር ምቱን የሚቀበለው አክስሉ ነው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ችሎ 40 ዓመት የኖረ ብረት ታዲያ በምን ይበላል? ባየኋቸው ብዙዎቹ ላይ በላላ ዳዶ ነው። ጎማው የሚታሰርበት ሞዞ በጥርስ አክስሉ ላይ ይገባል፣ ከውጭ ዳዶ ያጠብቀዋል፣ ኮፒልያ ደግሞ ዳዶው እንዳይፈታ ይይዘዋል። ኮፒልያው ይሰበራል ወይም አንዱ ሰነፍ በሚስማር ይተካዋል። ዳዶው ይላላል። ከዚያ ጋዝ በተሰጠ፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ሞዞው ጥርሱ ላይ ወደፊት ወደኋላ ይላል። አንድ ክረምት በቂ ነው።

በመጀመሪያ ምን እንደተበላ እወቁ። "ይወዛወዛል" ማለት ሦስት የተለያየ በሽታ ሊሆን ይችላል። ኋላዋን በክሪክ አንሱና ጠንካራ መቆሚያ ላይ አስቀምጧት። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ግፉ፣ ሳቡ። ዓይናችሁ ጎማው ላይ ሳይሆን መሃሉ ላይ ይሁን። ሞዞው ብቻውን አክስሉ ላይ ከተንቀሳቀሰ ጥርሱ ነው። አክስሉ ራሱ ቤቱ (ኩሽኔታዎቹን የያዘው ብረት) ውስጥ ወደ ላይ ወደ ታች ካለ ኩሽኔታው ነው። ቤቱ ከነአክስሉ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ዕድለኛ ናችሁ፣ የላላው ከሻንሲው ጋር የሚያስረው ብሎን ነው።

ቀጥሎ ፍሬን የሚይዝላችሁ ሰው ጥሩ። እኔ ልጄን ነው የምጠራው። የፍሬኑ ታምቡር አክስሉ ላይ በጥርስ የተቀመጠ ስለሆነ ፍሬን ሲያዝ አክስሉም መያዝ አለበት። ጎማውን ወደፊት ወደኋላ አዙሩት። አክስሉ ቆሞ ጎማው ከዞረ የሞዞው ጥርስ ሄዷል። ሁለቱም ጎማዎች ከነአክስሉ ዞረው ታምቡሩ ከቆመ የተበላው የታምቡሩ ጥርስ ነው። የኔዋ ላይ የግራው ጎማ አውራ ጣቴን የሚያህል ዞረ። "አባ፣ ይሄ ጥሩ ነው?" አለኝ ልጄ። አይደለም።

መጣመሙንም እግረ መንገዳችሁን እዩ። አንድ ሽቦ ሻንሲው ላይ እሰሩና ጫፉን ወደ አክስሉ ጫፍ አስጠጉት። ጎማውን በዝግታ አዙሩ። በሽቦውና በብረቱ መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ ሲጠብ ካያችሁ ጠሟል። እኔ ከ2 ሚሊ በላይ ከሄደ ለመጠገን አልደክምም፣ ሌላ አክስል እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ መፍታቱ። ከመፍታታችሁ አንድ ቀን በፊት ዳዶዎቹን ሁሉ ዝገት አስለቃቂ ዘይት አጠጧቸው። በነጋታው ጎማው መሬት ላይ እንዳለ፣ ፍሬን ተይዞ፣ ኮፒልያውን አውጡና የሞዞውን ዳዶ አላሉ። ከዚያ በኋላ ነው ማሽኗን ማንሳት። አንስታችሁ ዳዶ ለመፍታት ብትታገሉ ከላያችሁ ትወድቃለች።

ሞዞው እንቢ ካለ ፑለር (ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ) ተጠቀሙ። መዶሻ ማንሳት የግድ ከሆነ ዳዶውን መልሳችሁ ከአክስሉ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን አስገቡ፣ እንጨት ወይም መዳብ አስደግፋችሁ ምቱ። ባዶውን የአክስል ጫፍ በብረት መዶሻ መምታት ማለት የዳዶውን መንገድ ማበላሸት ነው። አዳማ ሳለሁ የአንድ ደንበኛ ሰሚያሲ (የአንድ ጎን አክስል) እንደዚህ አድርጌ አበላሽቼ አለቃዬ ሁለት ቀን አላናገረኝም።

ካቴናውን አላልታችሁ ማያያዣውን ፍቱ። ስትመልሱት የክሊፑ ድፍን ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን፣ ክፍቱ ወደኋላ። ከዚያ ኮሮናዋን (ካቴናው የሚጎትታት ጥርሳም ክብ ብረት፤ በሽታው ሳይመጣ በፊት ጀምሮ ጋራዥ ውስጥ ስሟ ይህ ነው) እና የታምቡሩን ዕቃ አውርዱ። በታምቡሩ በኩል እርስ በርስ የተቆላለፉ ሁለት ትላልቅ ስስ ዳዶዎች ታገኛላችሁ። አንዱን በአንድ ቁልፍ ያዙ፣ ሌላውን በሌላ ፍቱ። በመሮና በመዶሻ የተፈቱ መሆናቸውን የሚያሳይ ጠባሳ የኔዎቹ ላይ ነበረ። እናንተ ላይ እንዳይደገም ትክክለኛውን ስስ ቁልፍ ግዙ። በማጣበቂያ ከተያዙ ትንሽ አሙቋቸው፣ ግን ቤንዚን አጠገባችሁ አይኑር። ዳዶዎቹ ከወጡ በኋላ አክስሉ ከእነሱ በተቃራኒ ወገን በኩል ይወጣል።

እጠቡት። አሁን ዋናው ሰዓት ነው፣ ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ።

ጥርሱን በመብራት እዩ። ደህና ጥርስ አናቱ ጠፍጣፋ ነው፣ ሁለት ጎኑም እኩል ይቆማል። የተበላ ጥርስ አናቱ ይሾላል፣ አንድ ጎኑ ይጎደጉዳል። የኔ አክስል የግራ ጫፍ መጋዝ ይመስል ነበር፤ ጣቴን ባሳልፍበት ይቆርጠኛል። የቀኙን ሞዞ አምጥቼ እዚያ ላይ ሞከርኩት። እሱም ተንቀጠቀጠ። የግራውን ሞዞ ደግሞ ደህናው ቀኝ ጫፍ ላይ ሞከርኩት፣ እዚያም ልቅ ነው። ሁለቱም ተበልተዋል ማለት ነው። ይህችን ሙከራ አትዝለሉ። ብዙ ሰው ሞዞ ብቻ ገዝቶ የተበላ አክስል ላይ ያስገባና በወሩ አዲሱንም ያስበላል።

ኩሽኔታ የሚቀመጥበትን ቦታም በካሊፐር ለኩ፣ ካልተነካው ብረት ጋር አስተያዩ። ኩሽኔታ ዝጎ ሲይዝ አክስሉ ውስጡ መዞር ይጀምራል፣ ቦታውንም እንደ ሞረድ ይሞርደዋል። ሰማያዊ ቀለም ወይም ጣት የሚይዘው እርከን ካያችሁ ይህ ነው የሆነው።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ሦስት ነው። አንደኛው አክስል መቀየር። እኔ ይህን መረጥኩ፣ ያገለገለ አክስልና ሞዞ ኢንተርኔት ላይ አገኘሁ። አሜሪካ ውስጥ ባለ ሦስት እግር ኤቲሲ ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲሸጥ ቆይቶ፣ በሚያደርሰው አደጋ ምክንያት አምራቾቹ በ1988 ከመንግሥት ጋር በፍርድ ቤት ተስማምተው አዲስ መሸጡ ቀርቷል። ስለዚህ ዕቃው ከሌላ አሮጌ ማሽን የወጣ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት የጥርሱን ፎቶ በቅርበት አስልኩ። ሻጩ ከሩቅ ብቻ ካነሳው የሚደብቀው ነገር አለ።

ሁለተኛው ለተበላ የኩሽኔታ ቦታ ነው። ክፍተቱ ጥቂት ከሆነ ሎክታይት 660 የሚባለው ማጣበቂያ እስከ ግማሽ ሚሊ ክፍተት ይሞላል። ዘይትና ዝገት ካለ ግን አይዝም፣ ሁለቱንም ጎን አጽዱ። ኋላ ለማስለቀቅ እሳት እንደሚፈልግም አስቡ።

ሦስተኛው ቶርኖ ቤት ነው፤ ብየዳ ሞልቶ መቅረጽ። አገር ቤት በየቀኑ ይሠራል፣ ጥሩ እጅ ያለው ሰው ሲሠራው ይሆናል። ግን አክስል በእሳት የጠነከረ ብረት ነው። ቀዝቃዛውን በይደው ውሃ ቢያፈሱበት የብየዳው ዳር እንደ ብርጭቆ ይደርቅና አንድ ቀን ከዚያው ይሰበራል። አስቀድሞ ማሞቅ፣ ኋላም ደረቅ አመድ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ሞዞውን አክስሉ ላይ በይዶ መገላገል የሚባል አራተኛ መንገድ ያሳያችሁ ሰው ካለ አመስግናችሁ ሂዱ። ከዚያ ወዲያ ኩሽኔታ መቀየር አትችሉም።

ስትገጥሙ አዲስ ኩሽኔታና አዲስ ፓራኦሊዮ አድርጉ። የኩሽኔታው ቁጥር ጎኑ ላይ ተጽፏል፣ እሱን ይዛችሁ ማንኛውም የኩሽኔታ ሱቅ ግቡ። ማታ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት። የኔ ከበርበሬው አጠገብ ነበር ያደረው፣ ባለቤቴ ጠዋት ያለችውን እዚህ አልጽፍም። ቤቱን በሙቅ አየር ትንሽ አሙቁት፤ የቀዘቀዘው ኩሽኔታ በቀላሉ ይገባል። መምታት ካስፈለገ የውጭውን ቀለበት ብቻ ምቱ፣ በልኩ ቡሽላ (የቀለበቱን ስፋት የሚያህል ክብ ብረት) አስደግፋችሁ። የውስጡን ከመታችሁ አዲሱን ኩሽኔታ ገና ሳይሠራ ገደላችሁት።

አንድ ነገር ግን በጣም ልብ በሉ። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል አንድ ቧንቧ አለ። ተራ ነገር ይመስላል። እኔ የመጀመሪያዋን ማሽኔን ስሠራ ጠረጴዛው ላይ ረስቼው ገጠምኩ። ዳዶውን ሳጠብቅ ጎማው ከበደኝ፣ ባጠበቅሁ ቁጥር ይከብዳል። "አዲስ ስለሆነ ነው" ብዬ ራሴን አሞኘሁ። በሁለተኛው ቀን ኩሽኔታው እየጮኸ ተበተነ። ቧንቧው ከሌለ ዳዶው የውስጥ ቀለበቶቹን ወደ መሃል ይጫናቸዋል። አጥብቃችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ አክስሉ በእጅ ካልዞረ ፈታችሁ ጠረጴዛውን እዩ።

የፓራኦሊዮውን ከንፈርና ጥርሶቹን ግራሶ ቀቡ። ሞዞውን አስገቡ፣ ራንዴላውን፣ ዳዶውን። የማጥበቂያው ልክ በማሽኗ መመሪያ ላይ አለ፣ በቶርክ ቁልፍ እሰሩት። የኮፒልያው ቀዳዳ አልገጥም ካለ ወደፊት ጨምራችሁ አጥብቁ እንጂ ወደኋላ አትመልሱ። ኮፒልያው አዲስ ይሁን፣ ቀዳዳውን የሚሞላ። ሚስማር አይደለም።

ዳዶውና አክስሉ ላይ በነጭ ቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ሄልሜት አድርጋችሁ ሜዳ ላይ አሥር ደቂቃ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ልጆች ለመንዳት ይጠይቃሉ፣ እንቢ በሉ። ይቺ ማሽን ጥምዝ ላይ ትገለበጣለች። ከዚያ ቁሙ፣ ኮፒልያውን አውጡ፣ ዳዶውን በቶርክ ቁልፉ እንደገና ሞክሩት። የግራው ዳዶ የመጀመሪያ ቀን አንድ ቀዳዳ ያህል ገባልኝ፣ ሞዞው ገና እየተቀመጠ ነበር። አዲስ ኮፒልያ አድርጌ አዲስ መስመር አሰመርኩ። ቅዳሜ እንደገና ሞከርኩት። መስመሩ ከቦታው አልተነቃነቀም።