በቆጂ ሄዳችሁ ልትሮጡ ካሰባችሁ

አርሲ ውስጥ ወዳለችው በቆጂ ለመሮጥ የምትሄዱ ልጆች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ቀን ከዚያ አካባቢ ሯጭ ልጆች ጋር እኩል እሮጣለሁ እንዳትሉ። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አዲስ አበባን የለመደ ሰው እንኳ ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ከአዳማ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ደግሞ ዳገቱን ሳይጨርስ ጉልበቱ ይከዳዋል። ሁለት ሦስት ቀን በእግር ዞር ዞር በሉ፣ ከዚያ ቀስ ያለ ሶምሶማ፣ ውሃም በደንብ ጠጡ።

ሲለምድላችሁ በማለዳ ውጡ። ልጆቹ ባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ ተሰልፈው፣ በዛፎቹ መሀል እየተጠማዘዙ ነው የሚሮጡት። እናንተ ከመጨረሻው ልጅ ኋላ ግቡ፤ ዓይናችሁን ከእግሩ ላይ አትንቀሉ፣ ሥሩና ጉቶው የት እንዳለ የእሱ ርምጃ ያሳያችኋል። ግን መጀመሪያ አሰልጣኙን ሰላም ብላችሁ አስፈቅዱ። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የወጡበት አካባቢ ነው፣ ለእነዚህ ልጆች ሩጫ መዝናኛ ሳይሆን የሕይወት ተስፋ ነው።

ቤት ውስጥ ሶሉ ያላለቀ የሩጫ ጫማ ካላችሁ አጥባችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ለአሰልጣኙ ስጡት፣ ለማን እንደሚሆን እሱ ያውቃል። ስትጨርሱ ላባችሁ ሳይደርቅ ሹራብ ደርቡ፣ የጠዋቱ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል።