ሐረር ውስጥ ማታ ጅብ ቢያጋጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ

ይሄን የምጽፈው ለትምህርት ወይ ለሥራ ሐረር መጥታችሁ ከጀጎል፣ ማለትም በግንብ ከታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ውጭ ቤት ለተከራያችሁ ነው። ጅቡ እዚህ ከጥንት ጀምሮ አለ፣ ግንቡ ላይ ራሱ የጅብ መግቢያ ቀዳዳ አለ፣ ማታ በዛ ገብቶ ትርፍራፊና ቆሻሻ ለቃቅሞ ሳይነጋ ይወጣል። ከሰው ብዙም አይሸሽም ማለት ግን የቤት እንስሳ ሆነ ማለት አይደለም።

ከግንቡ በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር ጋ ለጅብ ሥጋ አብልታችሁ ፎቶ ተነስታችሁ ይሆናል። እዛ የሚመጡት ጅቦች የሚያበላቸውን ሰው ድምፅ ያውቃሉ፣ ስም ወጥቶላቸው በስማቸው ይጠራሉ። እነሱን አይታችሁ ሌሊት 6 ሰዓት ሰፈር ውስጥ ላገኛችሁት ጅብ አጥንት እንዳትወረውሩ፣ በጣም ነው የምለምናችሁ፣ ምክንያቱም ነገ ፌስታል ይዞ የሚያልፈውን ልጅ ነው የሚከተለው።

ካጋጠማችሁ በምንም ተዓምር አትሩጡ። በሰዓት እስከ 60 ኪሎሜትር ይሮጣል፣ አታመልጡትም፣ ሲሮጥ ያየውን ደሞ ማባረር ተፈጥሮው ነው። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ አትጎንበሱ፣ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፣ የሞባይላችሁን ባትሪ አብሩ፣ ከዛ ጀርባ ሳትሰጡት ቀስ እያላችሁ ወደኋላ እየሄዱ መንገዱን መልቀቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥጉን ይዞ ያልፋል። ሥጋ ይዛችሁ ጅቡ ከተከተላችሁ ያኔ ጥላችሁለት ሂዱ፣ ለአንድ ኪሎ ሥጋ አትታገሉት።

ጭራውን እዩ። እግሩ መሀል ከከተተው ፈርቷል፣ መውጫ አትዝጉበት። ጭራው ወደ ላይ ቆሞ የአንገቱ ፀጉር ከተነሳ ግን ተቆጥቷል፣ ራቁ። ያ ሳቅ የሚመስለው ድምፁም ደስ ብሎት አይደለም፣ ሲጨነቅ ወይ ምግብ ላይ ሲሻሙ ነው የሚያወጣው፣ ስለዚህ ከሰማችሁ በሌላ መንገድ ዙሩ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስቡኝ ልጆችና ደጅ የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። ጅቡ ቆሞ የሚሄድ ትልቅ ሰውን ብዙ ጊዜ ይፈራል፣ የተኛ ሰውና ትንሽ ልጅ ላይ ግን ይደፍራል። ከመሸ ልጅ ብቻውን ሱቅ አትላኩ። ዘበኛ የቀጠራችሁ ሰዎች በር ያለው ማደሪያ ስጡት እንጂ ሜዳ ላይ አታስተኙት፣ ድሬዳዋ ዳር ዳሩን ያላችሁም በሙቀቱ ምክንያት ያለ አጥር ደጅ አትተኙ። በአረፋና በፋሲካ ሰሞን ደሞ የበጉን ፈርስና አንጀት በራችሁ ላይ አትጣሉ፣ ቅበሩት።

ከነከሰ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ደሙ አልቆም ካለ ግን መጀመሪያ በንፁህ ጨርቅ ተጫኑት፣ ከዛ በዛው ሌሊት ሐኪም ቤት ሂዱና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጠይቁ። ጭረት ናት ብላችሁ እንዳታሳድሩት፣ በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በጠራራ ፀሐይ እየተንገዳገደ ለሃጩን የሚያዝረበርብ ጅብ ካያችሁ ደሞ ልጆቹን ወደ ቤት አስገቡና ቶሎ ለቀበሌ ደውሉ።