መጀመሪያ ሥራውን እዩ፣ ጽሑፉ ይደርሳል

የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ስትገቡ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈችው ጽሑፍ አትሩጡ። ሥራው ፊት ሁለት ደቂቃ ያህል ዝም ብላችሁ ቁሙ። ከሩቅ እዩት፣ ከዚያ ቅረቡ። የትውልደ ኢትዮጵያዊቷን ሠዓሊ የጁሊ ምህረቱን ግዙፍ ሸራዎች ከሩቅ ያየ ሰው ብዙዎቹ ማዕበል ወይም ጭስ ይመስሉታል፤ ጠጋ ሲል ግን ከሥር በቀጫጭን መስመር የተነደፉ የሕንፃ ፕላኖች ብቅ ይላሉ። አሜሪካዊው ሠዓሊ ማርክ ሮትኮም ትልልቅ ሥዕሎቹ ከ45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቀት እንዲታዩ ይመክር ነበር። እዚያ ድረስ ስትጠጉ ቀለሙ ራሱ ይውጣችኋል። (ወለሉ ላይ የተሠመረ መስመር ካለ ግን አትለፉት፣ በእጅም አትንኩ።)

ጽሑፏን ከዚያ በኋላ አንብቡ። እኔ የተሠራበትን ቁስ የምትናገረውን መስመር ፈጽሞ አልዘልም። የጋናዊው ቀራፂ የኤል አናትሱይ ሥራ ከሩቅ የሚያብረቀርቅ ጨርቅ ይመስላል፤ የጠርሙስ ክዳንና የመዳብ ሽቦ መሆኑን ቁርጡን የምትነግራችሁ እሷ ናት።

ቪዲዮ ከሆነ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ቀድማችሁ እዩ። ሁሉንም ክፍል ለማዳረስም አትጣደፉ፤ አራት አምስት ሥራ በደንብ ካያችሁ ይበቃል። ከመውጣታችሁ በፊት ከሁሉ የያዛችሁን አንዱን ተመልሳችሁ እዩት።