የሚመጣና የሚሄድ የጎን ውጋት፦ «ብርድ ነው» ከማለትዎ በፊት

ከመጨረሻው የጎድን አጥንት በታች፣ ከዳሌ በላይ ያለው ቦታ ሲወጋን ብዙዎቻችን ወይ «ብርድ ነው» እንላለን ወይ «ኩላሊቴ ነው»። ሕመሙ ግን ጠባዩን ላየለት ሰው ከየት እንደመጣ ብዙ ይናገራል።

መጀመሪያ ተነስተው ወገብዎን ወደ ግራና ቀኝ ያዙሩ፣ ጎንበስ ይበሉ። በዚህ የሚብስ፣ ጋደም ሲሉ የሚቀል፣ በጣት ሲጫኑት «እዚህ ጋ ነው» የሚያሰኝ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የጡንቻ ነው። ባለፉት ሁለት ሦስት ቀናት ጀሪካን ወይም ከባድ ዕቃ አንስተው እንደሆነ ያስታውሱ።

የኩላሊት ጠጠር ሕመም እንዲህ አይደለም። ቢቀመጡም ቢተኙም አይቀልም፤ ሰውን ያንቆራጥጣል፣ ያስመልሳል፣ ወደ ብሽሽት ይወርዳል። ጠጠሩ ኩላሊት ውስጥ እንደተቀመጠ ላያምም ይችላል። ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ሲሰነቀር ግን ሽንት ወደ ኋላ ይጠራቀምና ኩላሊቱ ይወጠራል፤ ያ መወጠር ነው የሚያመው። መወጠሩ ሲረግብ ሕመሙም ይተዋል፣ ስለዚህ ሕመሙ ጠፋ ማለት ጠጠሩ ወጣ ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይዘናጋል።

ሽንት ሲያቃጥል፣ ትኩሳትና ማንቀጥቀጥ ሲኖር የኩላሊት ኢንፌክሽን ይጠረጠራል። በአንድ ወገን ቆዳው የሚያቃጥል፣ ልብስ ሲነካው የሚቆጠቁጥ ከሆነ ደግሞ ቆዳዎን በየቀኑ ይዩ፤ አልማዝ ባለጭራ ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት ለቀናት ሊያም ይችላል። ሽፍታው ከወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሕክምና መጀመር ይመረጣል።

የጀመረበትን ሰዓት፣ የቆየበትን ጊዜ፣ የሽንትዎን ቀለምና የሙቀት መጠንዎን ይጻፉ። ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ሕመሙ ተኝቶ ሊሆን ስለሚችል ይህ ወረቀት ብዙ ይረዳል።

ቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ አይጀምሩ፤ የሽንት ካልቸር (ጀርሙን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ውጤትን ያበላሻል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለጠጠር ሕመም ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን ኩላሊታቸው ለተጎዳ፣ የጨጓራ ቁስለት ላለባቸውና ለነፍሰ ጡሮች አይሆኑም።

ምርመራው ከሽንት ይጀምራል፤ ክሬአቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና አልትራሳውንድ ይከተላሉ፣ መውለድ በሚችሉበት ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች የእርግዝና ምርመራም ይጨመራል። ሽንት ውስጥ ደም አለመታየቱ ጠጠር የለም አያሰኝም። አልትራሳውንድ ያበጠ ኩላሊት ጥሩ አድርጎ ያሳያል፣ ቱቦው ውስጥ ያለ ትንሽ ጠጠር ግን ያመልጠዋል። «ምንም የለም» ተብለው ውጋቱ ከተመላለሰ ሲቲ ስካን ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ።

ሳይውል ሳያድር ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያለበት፦ ከጎን ሕመም ጋር 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ያለው፣ ሽንት እምቢ ያለው፣ ውሃ እንኳ የማይረጋለት፣ አንድ ኩላሊት ብቻ ያለው፣ ነፍሰ ጡር፣ ወድቆ ሽንቱ የቀላበት። ከ60 ዓመት በላይ ሆኖ ድንገት ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመና ራሱን ያዞረው ሰውም ይጨመር፤ ትልቁ የደም ቧንቧ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል።

ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወጣል። በሕመሙ ሰዓት ውሃ በግድ መጋት አያስወጣውም። ውሃ የሚጠቅመው ሌላው እንዳይፈጠር ነው፦ በቀን ከ2 እስከ 2.5 ሊትር ሽንት እስኪወጣ መጠጣት፣ በተለይ በዓረብ አገር ሙቀት ለሚሠሩ። ጠጠሩ እስኪወጣ ድረስ በሻይ ማጥለያ ላይ ይሽኑ፤ የተያዘውን ጠጠር በደረቅና ንጹህ ዕቃ አድርገው ለላቦራቶሪ ይውሰዱት።